ቃሬዛው አቶ ዶሎሶ ዘንድ የሄደ ዕለት

በዚያ ቀን የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ ልጻፍ፤ በኋላ የማንም ልጅ «የአባቴን ስም ዘለልሽ» ብሎ እንዳይቀየመኝ። ጡሩምባ ነፊው ሄሊሶ ነበር፣ በሙያው ልብስ ሰፊ። ገመድ ያዡ ላምቤቦ ነበር። መምህር ማቲዎስ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት የወፍጮ ቤቱ ልጆች ነበሩ፣ አራት ወንድማማቾች፤ መልካቸው አንድ ዓይነት ስለነበረ ስማቸውን ሳላደባልቅ መጻፍ አልችልምና ይቅር ይበሉኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር ወይዘሪት አስካለ ነበረች። አቶ ዶሎሶ ነበሩ፣ ምንም ሳይሆኑ። አማቴ ነበሩ፣ ገደል ውስጥ። እኔም ነበርኩ፣ የሦስት ወር ሙሽራ። የአማቴን ስም አለመጻፌን አይታችኋል። ረስቼው አይደለም። ምክንያቱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ገመድ ነው። ባለፈው ልጄን ለመጠየቅ ሆሳዕና ሄጄ ሳለ፣ ገበያ ዳር ዝናብ የመታው የቃጫ ገመድ ተከምሮ አየሁ። ቃጫ ሲረጥብ የራሱ ሽታ አለው፤ ጎምዘዝ ያለ፣ የእንሰት ጓሮ ሽታ። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ሻጩን «ይሄ ሰው ይይዛል?» ብዬ ጠየቅኩት። «እማማ፣ ሰው ነው ወይስ በሬ?» አለኝ። «ሽማግሌ ሰው ነው፣ ቀጭን፤ ግን ጋቢው ረጥቧል» አልኩት። ልጄ ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝ። አልፈርድባትም፤ ፍርሃቱን ከእኔ ነው የወረሰችው። እኔ ልጆቼ ከሆሳዕና ዱራሜ ሲሄዱ እንኳ ደረስን እስኪሉ ድረስ እህል በአፌ አይዞርም። ሲደውሉ ደግሞ ስልኩን ለማንሳት እፈራለሁ።

ጊዜው በጃንሆይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በልጆቼ ነው፣ ያኔ ደግሞ አንድም አልወለድኩም ነበር። ስሙኒ ይዛ ገበያ የወጣች ሴት ጨውና በርበሬ ገዝታ፣ ለፋኖስ የሚሆን ጋዝ በጠርሙስ አስቀድታ፣ ለልጆች ሸንኮራ አገዳ ይዛ ትገባ ነበር። ሸራ ጫማ ያለው ወጣት ጭቃ ሲያይ ጫማውን ያወልቅና በማሰሪያው አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ እግሩን በሣር ጠርጎ ያጠልቀዋል። ሆሳዕና ያኔ ትልቅ ከተማ መስላ የምትታየኝ በአንድ መንገዷ ነበር። መኪና ከአዲስ አበባ ሲመጣ አቧራው ከሩቅ ይታያል፤ ሱቅ ጠባቂው ሁሉ መደርደሪያውን በጨርቅ መሸፈን ይጀምራል። አሁን እዚያው ማዕዘን ላይ ፎቅ ቆሟል። ልጄ የምትሠራው እዚያ ነው፤ በደረጃው ስትወርድ መደገፊያውን ያዢ እላታለሁ።

ሠርጌ ላይ የለበስኩት ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ ነበር። አባቴ ሁለት ጊዜ ተከራክሮ፣ በሦስተኛው ተሸንፎ ነው የገዛልኝ። አገሬ ሻሾጎ ነው፣ ቦኖሻ አጠገብ፤ ሜዳ አገር፣ ሰው ቢወድቅ እንኳ ቆሞ ከነበረበት የማይርቅበት። የተዳርኩት ግን ከምባታ፣ አምባርቾ ተራራ ሥር ነው። እናቴ ስትሸኘኝ «ልጄ፣ እዚያ አገር መሬቱ ቆሟል አሉ፤ እግርሽን እያየሽ ሂጂ» ብላኛለች። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ እግሬን እያየሁ ነው የምሄደው። እነሱ ከምባትኛ፣ እኔ ሐድይኛ፤ ስንግባባ በአማርኛ ነው። አማርኛዬን ያገኘሁት ሦስት ዓመት ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው፤ አራተኛውን እናቴ ታመመችና ተውኩት።

በተራራው ሥር ባለችው ትንሽ ገበያ «የቃሬዛ ሰዎች» የሚባሉ ነበሩ። ደሞዝ የላቸው፣ ደንብ ልብስ የላቸው። ተራራው ላይ ሰው ወይም ከብት አደጋ ሲደርስበት ሄሊሶ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ቃሬዛው ከቀርከሃና ከበሬ ቆዳ የተሠራ ነው፣ ገመዱ ቃጫ። ሄሊሶ ሱሪ እየሰፋም ቢሆን ጥሎ ይሮጥ ነበርና፣ በገበያው አንዱ እግሩ ያጠረ ሱሪ የለበሰ ሰው ከታየ፣ በዚያ ሳምንት ተራራው ላይ አንድ ነፍስ ተርፏል ማለት ነው። ባለ ሱሪው ሲቆጣ ሄሊሶ «የተረፈውን ሰው ሄደህ እየው፤ ደስ ካላለህ የሱሪህን ዋጋ እመልሳለሁ» ይለዋል።

በብዛት የሚጠሩት ለላም ነው። ላም ገደል ስትገባ ባለቤቷ ዘመድ ከወደቀበት ሰው ይበልጥ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ለፍተው ያወጧት ላም፣ ሣሩ ከታች ይሻላል ብላ ነው መሰለኝ፣ በማግሥቱ እዚያው ገብታ ተገኘች። ላምቤቦ ገመዱን ትከሻው ላይ እየጠቀለለ «ይቺ ላም እኛን ለምዳናለች» አለ። ምጥ የያዛት ሴት ሲሸከሙ ደግሞ እየዘፈኑ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ትከሻ የሚቀያየሩትም ዜማው ሲዞር ነው፤ ስለዚህ ቃሬዛው አይንገጫገጭም። አንዷ መንገድ ላይ ወለደች። አራቱ የወፍጮ ቤት ልጆች ሕፃኗን እኔ ነኝ ስም የማወጣላት ብለው ክሊኒክ እስኪደርሱ ተጨቃጨቁ፤ እናትየው ከላይ ሆና «መጀመሪያ አውርዱኝ» አለቻቸው።

መምህር ማቲዎስም ወደ እነሱ የገባው በጥሪ ነው። ከሆሳዕና ተመድቦ በመጣ በሳምንቱ አገሩን ከላይ ልየው ብሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ አምባርቾን ወጣ። ጉም ወረደበት። ሲያገኙት ጃንጥላውን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፍርሃት እንዳይዘው የማባዛት ሠንጠረዥ ጮክ ብሎ ይል ነበር። ሰባት ላይ ደርሶ ነበር አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱም ይሸከም ጀመር። ደግሞ አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ሙሽራ ይዘው የመጡ ሚዜዎች ከማዶ ቀሩ። የቃሬዛ ሰዎች እናሻግራት አሉ፤ የልጅቷ እናት ግን ልጄ የበሽተኛ መኝታ ላይ አትወጣም ብላ እምቢ አለች። ሄሊሶ አሰበና ከሽማግሌዎቹ ጤነኛና በጣም ወፍራም የሆኑትን አንዱን መርጦ ቃሬዛው ላይ አስተኛቸው። ተሸክመዋቸው ተሻገሩ፣ መልሰውም አመጧቸው። «ይኸው፣ አሁን የጤነኛ መኝታ ሆነ» አላት። ሙሽራዋ እየሳቀች ወጣች።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። በሐድያም በከምባታም ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ባሊሻ ይባላል። ስማቸውን ብቻ አይደለም፣ ስማቸውን የሚመስል ቃል እንኳ ታልፋለች። አዲስ ሙሽራ ደግሞ የባሏንም ስም በሰው ፊት አታነሳም። ወንጌላዊው ቤታችን መጥቶ ይሄ በመጽሐፍ አልተጻፈም ብሎ ነበር። የአማቴ ሚስት፣ እማማ፣ «አልተጻፈም፤ ይታወቃል» ብለው መለሱለት። እኔ እንኳን ልጠራው፣ ስሙ ያለበት ሕልም እንዳላይ እፈራ ነበር።

በዚያ ቀን የልጆቼ አባት ሩቅ አገር፣ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ለሥራ ሄዷል። እማማ ዱራሜ ገበያ ወርደዋል። አማቴ ቀርከሃ ሊቆርጡ ተራራ ወጥተዋል። ተራራው ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የቀርከሃ ቦታ አለው፤ ከአባት የመጣ፣ ሁሉም የሚያውቀው። ምሳቸውን፣ ቆጮና አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ቤት ውስጥ ተቀምጬ የከረምኩ ሙሽራ ነኝ፤ ተራራውን ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያገኘኋቸውም የመጥረቢያቸውን ድምፅ ተከትዬ ነው። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ፊቴን አዞርኩ፣ ምራት አማቷ ሲበሉ አታይምና። ከኋላዬ ቀርከሃ ሲሰበር ሰማሁ። ዞር ስል ቆጮው አለ፣ እሳቸው የሉም።

በሆዴ ተኝቼ ወደ ጠርዙ ተሳብኩ። ከታች ድምፃቸው መጣ፤ እንደ ቤታቸው የረጋ ነበር።

«እግሬ ነው። አንቺ ወደ ታች አትመልከቺ። ገበያ ወርደሽ የቃሬዛ ሰዎችን ጥሪ።»

«እሺ አባባ።»

«ሩጪ ልጄ፣ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት። ይሄ ውሃ መውረጃ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የተቀመጡበት ደረቅ የወንዝ መንገድ ነው፤ ከላይ ዘነበ ማለት ውሃው እላያቸው ላይ ይመጣል። ሰማዩም ጠቁሯል። እግሬን ማየት ረስቼ ሮጥኩ። ጉሙ መንገዱን ደበቀብኝና በሌላ በኩል ወረድኩ፤ ገበያው ላይ ስደርስ ከየት እንደመጣሁ እኔም አላውቅም።

ሄሊሶ የልብስ መስፊያ መኪናው ላይ ነበር። «ሰው ገደል ገባ» አልኩት። ጡሩምባውን ነፋ። ወዲያው ተሰበሰቡ።

«ማነው የወደቀው?» አለኝ ሄሊሶ።

ዝም።

«አንቺ የማን ሚስት ነሽ?»

የባሌም ስም አይነሳ። ፊቴን የሚያውቀው የለም፤ ሦስት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።

«በየት በኩል ነው?» አለ መምህር ማቲዎስ።

«ጉም ነበር፤ መልሼ አላውቀውም። አማቴ ናቸው» አልኩ። «ቀርከሃ ሲቆርጡ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው የሸበተ። ግራጫ በቅሎ አለቻቸው።»

«ግራጫ በቅሎ!» አለ ላምቤቦ። «አቶ ዶሎሶ ናቸዋ። በእሳቸው በኩል እኮ ነው የወረደችው።»

አይደሉም ልል አፌን ስከፍት ተነሥተዋል። እነዚህ ሰዎች ከተነሡ ነፋስ ናቸው። ተከትዬ ጮኽኩ፤ ዜማቸውን ጀምረው ነበርና ማንም አልሰማኝም። የቃሬዛው ጫፍ ጥግ ዞሮ ሲሰወር አየሁ። ትከሻዬ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ አረፈች። ሰው ዝም ብሎ ሰው መግደል ይችላል እንዴ ብዬ አሰብኩ። ስሙን ልጥራ ብዬ ቆረጥኩ፣ እግዜር ይመስክር፤ ግን ከአፌ የወጣው «አባባ» ብቻ ነበር። ይህን ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። የልጄ ሚስት እኔን «ማሚ» ትለኛለች፣ ስልኳ ላይ ደግሞ ከነአባቴ ስም መዝግባኛለች። ደስ ይለኛል፤ የተገረምኩት ግን ከወር በላይ ነው።

ሄሊሶ ጡሩምባውን ልብስ መስፊያው ላይ ጥሎ ሄዶ ነበር። እዚያው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ አስካለ መጣች። ሁልጊዜ የምትዘገየው እሷ ናት፤ ዕቃዋን ሳትቀቅል አትነሣም። አባቷ ከሸዋ መጥተው ሆሳዕና በዳኝነት የሠሩ ናቸው፤ እሷ ግን ከምባትኛውንም ሐድይኛውንም ተሰባብሮ እየወጣላት ታወራለች። ነጭ ጋወን፣ ጥቁር ቦርሳ፣ የወንድ የመሰለ ትልቅ ቡትስ።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን ታለቅሻለሽ? ሄደዋል አይደል?»

«እሳቸው ዘንድ አይደለም የሄዱት» አልኳት።

«ታዲያ ማን ዘንድ ነው መሄድ የነበረባቸው?»

በነጠላዬ አፌን ስሸፍን ዓይኖቼን አየች። ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ በነጭ ጋወኗ፣ ጭቃው ላይ።

«ገባኝ። አትጠሪም። እሺ፣ እኔ እዚህ አገር አማት የለኝም፤ ማንንም ብጠራ ማንም አይቆጣኝም። በዚህ ተራራ ዙሪያ ያለ ሽማግሌ ሁሉ በእጄ መርፌ ተወግቷል። እኔ እጠራለሁ። ካልሆነ ዝም በይ። ሲሆን እጄን ጨብጪው።»

እጄን ያዘችና ጀመረች። እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ ነበር። አንዱን ጠራች፣ ዝም። ሌላውን፣ ዝም። ጨው የምትሸጥ ሴት ከማዶ «እሱ እኮ ሞቷል፣ አስካለ» አለቻት። «አዪ፣ ነፍሱን ይማር» ብላ ቀጠለች። «የሞተ ዝለዪ» አለቻት ሌላዋ፣ «ልጅቷ ትቸኩላለች።» ሴቶቹ ተሰብስበው የረሳችውን ያስታውሷት ጀመር፤ ያላገቡት ስሙን ይሰጧታል፣ ያገቡት ደግሞ «ያ ጠጁን ደብቆ የሚጠጣው»፣ «ያ ሲያስል ውሻ የሚያስጮኸው» እያሉ በጎን ይጠቁሟታል። ዝናቡ እየጠነከረ ነው። ከዚያ አንድ ስም ጠራች፤ እጇን የጨበጥኳት ጣቶቿ እስኪንቋቁ ነው።

«እሳቸው ናቸው? እንግዲያው ቦታቸው ከፏፏቴው በላይ ነው!» አለች ጨው ሻጯ ሴት። ስሙ ሲታወቅ ቦታውም ታወቀ።

አስካለ ጡሩምባውን አንሥታ ነፋችው። ነፍታ አታውቅም፤ የወጣው ድምፅ የጥጃ ነበር። ሄሊሶ በኋላ «ላም ገደል ገባች ብለን ነው የተመለስነው» አላት።

እነሱ ለካ አቶ ዶሎሶን አግኝተዋቸዋል። ሽማግሌው ቀርከሃቸውን እየፈለጡ፣ ምንም ሳይሆኑ። «ደህና ነዎት?» ሲሏቸው «ደህና ነበርኩ፣ ቃሬዛ ይዛችሁ እስክትመጡ» ብለዋል። ጡሩምባውን ሰምተው መመለስ ሲጀምሩ ሴቶቹ የላኩት ልጅ ስሙን ይዞ ደረሰባቸው፤ አቶ ዶሎሶ ይህን ሲሰሙ መጥረቢያቸውን ጣሉና «የእሱን ቦታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አርባ ዓመት በድንበር ስንከራከር ነው የኖርነው» ብለው ከፊት ቀደሙ። በአቋራጭ ወሰዷቸው። እኔና አስካለ ከታች ወጣን፤ ቡትሷ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ትታው በባዶ እግሯ ቀጠለች።

ስንደርስ ላምቤቦ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ወርዷል። ውሃው ጀምሮ ነበር፤ ቡናማ ሆኖ በድንጋዮቹ መሐል ይሮጣል። ጫፉን አራቱ ወንድማማቾች፣ መምህሩና አቶ ዶሎሶ ይዘዋል። እኔም ያዝኩ። ማንም ሙሽራ ናት አላለኝም። ያ የረጠበ ቃጫ እጄን ሲልጠው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ሄሊሶ ዜማውን አወጣ፣ ተቀበልነው፣ ሳብን። መጀመሪያ የረጠበ ጋቢ ታየ፣ ቀጥሎ ሽበት፣ ቀጥሎ ፊታቸው። ትንሽ ቆይቶ እሳቸው የተቀመጡበት ድንጋይ አይታይም ነበር።

አስካለ እግራቸውን በተፈለጠ ቀርከሃ አሰረች። አቶ ዶሎሶ በላያቸው ጎንበስ ብለው «ያንተ ቃሬዛ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ ድካም ቢሰማኝና ብተኛበት ኖሮ አልቆልህ ነበር» አሏቸው።

«በድንበሬ አልፈህ ነው የመጣኸው?» አሉ አማቴ።

«በድንበርህ።»

«ዛሬ ይሁን።»

ተሸክመናቸው ስንወርድ ነገሩን ሁሉ ሄሊሶ ነገራቸው። እኔ ከኋላ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነው። እሳቸው ግን አስካለን ጠሯት።

«ስሜን ስንተኛ ላይ ነው የጠራሽው?»

«እኔ እንጃ፤ ዐሥራ ዘጠነኛ ይሆናል አባባ።»

«በዚህ አገር ከእኔ የሚቀድም ዐሥራ ስምንት ሽማግሌ አለ?»

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸው መጣና ቃሬዛውን አስቀመጡት። እኔም ሳቅኩ፤ በዚያ ቤት ከገባሁ መጀመሪያ ጮክ ብዬ የሳቅኩት ያኔ ነው። እሳቸውም ዞረው አዩኝና «ይቺ ልጅ ጥርስ አላት ለካ» አሉ።

ዳግመኛ በሁለት እግራቸው ሲቆሙ ጊደር ሰጡኝና፣ በእማማ ፊት፣ ስሜን ጥሪ፣ ፈቅጄልሻለሁ አሉኝ። ሞከርኩ። አልወጣልኝም። ጊደሯን ግን አልመለስኩም፤ ከእሷ የተወለዱት ላሞች ልጆቼን አሳድገዋል። የቃሬዛ ሰዎችም ከዚያ ወዲህ ሙሽራ እየሮጠች ስትመጣ ማን ወደቀ ብለው መጠየቅ ተዉ፤ አንዱ ሮጦ አስካለን ይጠራል። ስም ጥሪዋን በፍጥነት ለመጨረስ ሽማግሌዎቹን በየሰፈራቸው አስተካክላ አጥንታቸው ነበር። አማቴን ከሁሉ በፊት አድርጋቸዋለች፤ ጠይቀው ነው።

ከሁለት ክረምት በኋላ ዝውውር መጣላት። ጅማ ነው አሉ። ቃሬዛ ይዘን ሸኘናት፤ እምቢ ብትልም ተሸክመናት ነው መኪና ላይ ያወጣናት፣ እኔ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ እኔ መልሱን እየጻፍኩ እየሰረዝኩ፣ ፊደሌ ያሳፍረኛል እያልኩ ስዘገይ ዘመኑ ተለወጠ፣ አድራሻውም ጠፋ። አማቴ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ትንሽ ከማነከሳቸው በቀር ጤነኛ ነበሩ። ስድስት የልጅ ልጅ ከእኔ አዩ። ሊያርፉ ሲሉ አልጋቸው ሥር አስቀምጠውኝ «ያቺን ስም ጠሪ ካገኘሻት የልጆቹን ስም ሁሉ ንገሪያት፤ እኔ የለሁም፣ እሷ አንድ በአንድ ትጥራቸው» አሉኝ። እሺ አባባ አልኳቸው። መልእክቱን እስከ ዛሬ አላደረስኩም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ ጅማና አካባቢው ያላችሁ፣ ልጠይቃችሁ። አስካለ ትባላለች፤ ረጅም ናት፣ ስትናገር ትቸኩላለች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ጥቂት ይበልጣል። በድሬሰርነት ነው የሠራችው፤ ከዚያ በኋላ አግብታ ወልዳም ሊሆን ይችላል። የምታውቋት ካላችሁ በሕይወት እንዳለችና የት እንደምትኖር ንገሩኝ። አርፋም ከሆነ ልጆች እንዳሏት ንገሩኝ፤ ስሞቹን ለእነሱ እነግራቸዋለሁ።